ባለጭራዎቹ እግር ያላወጡበት ዓመት

እኔ ጥላዬ የትምህርት ቤት ወንበር ላይ ለአንድ ቀን እንኳ ተቀምጬ አላውቅም። ይህን የምለው አፍሬ አይደለም፣ ኮርቼ ነው። ፊደል ያስቆጠሩኝ አባቴ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ራሴን በራሴ አስተምሬዋለሁ። ራዲዮ ፈትቼ ስገጥም ማንም አላሳየኝም። የወፍጮ ሞተር እምቢ ሲል ከጎረቤላ ድረስ ሰው የሚላከው ወደ እኔ ነው። በቀበሌያችን ፖም ተክሎ ያፈራ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ፤ "ይህ ውርጫም አገር ፖም አያበቅልም" ብለው የሳቁብኝ ሰዎች ዛሬ ችግኝ የሚለምኑት ከእኔ ነው። የአገሬው ሰው "ኢንጂነር" ይለኛል። ግማሹ ሊያከብረኝ፣ ግማሹ ሊያሾፍብኝ እንደሆነ አላጣሁትም። እኔ ግን ሁለቱንም እንደ ክብር ነው የምቀበለው።

ይህን ያስቀደምኩት ለጉራ ብቻ አይደለም። ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ካላወቃችሁ፣ በሁለት ቀን ውስጥ የሆነውን ነገር ክብደቱን አትረዱትም።

አንድ አስተማሪ ተዛውሮ ሲሄድ ሽፋኑ የተገነጠለ የሳይንስ መጽሐፍ ትቶልኝ ነበር። ልጆች ዓመት ሙሉ የሚማሩትን እኔ በአንድ ክረምት ጨረስኩት። ከሁሉም ልቤን የወሰደው የእንቁራሪት ነገር ነው። መጀመሪያ እንቁላል። ቀጥሎ እንደ ዓሣ በጭራው የሚዋኝ ጥቁር ፍጡር። ከዚያ የኋላ እግር ያወጣል፣ ከዚያ የፊት እግር፤ በመጨረሻ ጭራው እየሟሸሸ ይጠፋና በየብስ የሚዘል እንቁራሪት ይሆናል። ይህን በዓይኔ ለማየት በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ከቤቴ በታች ካለው ምንጭ እንቁላሉን በውሃው እየቀዳሁ በሳፋ አሳድግ ጀመር። "ባለጭራዎቹ" እላቸዋለሁ። አስተማሪዎች ተማሪዎቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ እኔ በከዘራዬ እያመለከትኩ አስረዳለሁ። ጥቅምት ሲጠባ ሁሉም እግር አውጥተው፣ ከሳፋው እየዘለሉ ወደ ሣሩ ይጠፋሉ።

ድንቻችን ላይ ቅጠል የሚያጠቁር በሽታ በገባ ጊዜም ቢጫውን ዱቄት ከደብረ ብርሃን ያስመጣሁት፣ አበጣበጡንና አረጫጨቱን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ድንቹ ዳነ። ቆየት ብሎ ግን ችግር መጣ፦ አንዱ ገበሬ መርጫውን ወራጁ ውሃ ላይ አጠበና የጎረቤቱ በጎች ከዚያ ጠጥተው ታመሙ። ሰው ከሰው ሊጋደል ሆነ። ሽማግሌ ተቀመጠ። መላውን ያመጣሁት አሁንም እኔው ነኝ። ከድንቹ ማሳዎች መካከል፣ ዳገቱ ላይ አንድ ጉድጓድ ይቆፈር፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ መርጫውን እዚያ ብቻ ይጠብ፤ የተረፈውንም እዚያ ይድፋ አልኩ። በደቦ ተቆፈረ። ከሥሩ ድንጋይና ከሰል አነጠፍኩበት፣ ከብት እንዳይደርስበት ዙሪያውን በካብ አጠርኩት። አፈሩ ደግሞ የተባረከ ነው፤ አንድ በርሜል ቢደፋበት ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ጠጥቶ ይጨርሰዋል። ጠቡ ቆመ። መምሬ አፈወርቅ፣ የደብራችን ቄስና የልጅነት ጓደኛዬ፣ "ሰለሞን ማለት አንተ ነህ" አሉኝ። አልተቃወምኳቸውም።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ክረምት አለፈ። በመጀመሪያው ዓመት ባለጭራዎቹ እግር ለማውጣት ዘገዩ። በሁለተኛው እስከ ኅዳር ቆዩ። በሦስተኛው ዓመት ታኅሣሥ ገብቶም እግር የሚባል ነገር አላየሁም፤ መጠናቸው ግን አውራ ጣቴን አከለ። እንዲህ ያለ ወፍራም ባለጭራ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ? "የገብስ ዱቄት ስለምመግባቸው ነው" አልኩ። ለራዲዮ ጣቢያ ደብዳቤ ልጽፍም ወረቀት አዘጋጅቼ ነበር።

በዚያው ዓመት የልጄ ሚስት አስካለ እርጉዝ ነበረች። ልጄ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ተቀጥሮ በወር አንዴ ስለሚመጣ፣ ቤቱን የምትይዘው፣ እኔንም የምትጦረኝ እሷ ናት። አምስት ዓመት ሙሉ ልጅ አጥታ፣ ያልተሳለችበት ደብር ሳይኖር፣ ያን ጊዜ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ከመስከረም ጀምሮ አንገቷ ከፊት ለፊት አበጥ ብሎ ነበር፤ በሻሽ ትሸፍነዋለች። እናቷ መጥተው፣ "እንቅርት እንዳይሆንባት እንደ ድሮው አንገቷን እናስነቅሳት" ሲሉ ሳቅሁባቸው።

"እማሆይ፣ እዚህ ደጋ ውስጥ አንገቱ ያላበጠ ማን አለ?" አልኳቸው። "ስትወልድ ይጎድላል።"

እኔ ብያለሁና ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ምንጩ ተጠርጎ፣ ውሃው በቧንቧ ተስቦ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ቦኖ ሊሠራልን ቧንቧው ተራግፎ ተከምሯል። የቀረው አንድ ባለሙያ አይቶ "ይሁን" እንዲል ብቻ ነው። ባለሙያውን በግ አርደን ልንቀበል ስንጠባበቅ፣ ከመኪና የወረደችው የጎማ ቦቲ የተጫማች፣ ቀጭን፣ የልጅ ልጄ ልትሆን የምትችል ሴት ሆነች። ምሕረት ትባላለች፤ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት።

መምሬ አፈወርቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "ኢንጂነር፣ ፈታኝህ መጣች" አሉኝ።

"እኔ ነኝ የምፈትናት" አልኳቸው።

ምንጩን አየች፤ ውሃውን በጠርሙስ ቀዳች፤ አንዳንድ ነገር ጻፈች። እኔ ከጎኗ አልተለየሁም።

"ልጄ፣ አትድከሚ። የዚህ ውሃ ንጽሕና መሣሪያ አያሻውም። እንቁራሪት የሚፈለፈልበት ውሃ መርዝ የለውም። ይህን መጽሐፍሽ አልነገረሽም?"

"ነግሮኛል ጋሼ፤ ከፊሉ እውነት ነው" አለች ፈገግ ብላ።

"ከፊሉ! ነይማ፣ ሙሉውን ላሳይሽ።"

ወደ ቤቴ ወሰድኳትና ሳፋውን ከፍ አድርጌ ጸሐይ ላይ አስቀመጥኩላት። ባለጭራዎቹ ከረጢት ውስጥ እንዳለ ባቄላ ተጨናንቀው ይገላበጣሉ። እንድትደነቅ ጠበቅሁ። እሷ ግን ተንበርክካ አንድ በአንድ ተመለከተቻቸው።

"እነዚህ መቼ ነው የተፈለፈሉት?"

"ሐምሌ መጀመሪያ።"

"አሁን ታኅሣሥ ነው።"

"ወር መቁጠር እችላለሁ ልጄ።"

"አምስት ወር ማለት ነው። ጋሼ፣ እግራቸው የታለ?"

"ስለወፈሩ ነው የዘገዩት። መኖ እሰጣቸዋለሁ። ያልተራበ ፍጡር ለምን ብሎ ከውሃ ይወጣል?"

ቀና ብላ ስታየኝ ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ ጠፍቷል። እጇን ወደ ራሷ አንገት ወስዳ፣ ከጉሮሮዋ በታች በሁለት ጣት ነካች።

"እዚህ ጋ አንዲት እጢ አለች፤ የእንቅርት እጢ የምንላት። እንቁራሪትም አላት። የኋላ እግር ይውጣ፣ የፊት እግር ይውጣ፣ ጭራ ይጥፋ ብላ የምታዘው እሷ ናት። ትእዛዙን የምትልከው በአዮዲን ተሠርቶ ከደም ጋር በሚሄድ ንጥረ ነገር ነው። እጢዋ ከታገደች ትእዛዙ አይደርስም። ያን ጊዜ ባለጭራው አይሞትም፤ ይበላል፣ ይወፍራል፣ ያድጋል፤ ግን እንቁራሪት አይሆንም። እንዲሁ እንዳለ ይቀራል።"

ይህ በመጽሐፌ ውስጥ አልነበረም። ከመጽሐፌ ውጭ ያለ እውቀት ደግሞ ያን ጊዜ ለእኔ እውቀት አልነበረም።

"ታዲያ ማን አገዳት?" አልኳት እያሾፍኩ። "ፖሊስ?"

"እዚህ አካባቢ ምን ትረጫላችሁ?"

የጠየቀችኝ የምኮራበትን ነገር ነው። ቢጫውን ዱቄት ከማምጣቴ ጀምሮ እስከ ጉድጓዱ ድረስ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ከረጢቱንም አሳየኋት። ከላዩ የተጻፈውን የዱቄቱን ስም አንብባ፣ "ማንኮዜብ" አለች በቀስታ። ከዚያ ጉድጓዱን እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ዳገቱን ወጣን። ካቡን፣ ድንጋዩን፣ ከሰሉን እያሳየሁ፣ ባልዲ ውሃ ደፍቼ አፈሩ እንዴት እንደሚጠጣ አስመለከትኳት። ገና ባልዲውን ሳላስቀምጥ ውሃው ጠፋ።

"አየሽ? ይህን የሠራው ያልተማረ ሰው ነው።"

እሷ ጉድጓዱን ትታ ቁልቁል ታያለች። ከእግራችን በታች ምንጩ ይታያል።

"ጋሼ፣ አፈሩ የጠጣውን የት ያደርሰዋል?"

"ወደ መሬት ነዋ!"

"መሬትስ የት ያደርሰዋል?"

መልስ አላጣሁም፤ እኔ መልስ አጥቼ አላውቅም። ከሰሉ ያጣራዋል አልኳት። እሷም ዱቄቱ እርጥበት ሲያገኝ እንደሚፈርስ፣ ሲፈርስ የሚወጣው ነገር ከውሃ ጋር እንደሚሄድ፣ እጢዋን የሚያግደውም ያው ነገር እንደሆነ አስረዳችኝ። "ድሮ እያንዳንዱ ሰው በየማሳው ሲያጥብ ይበታተን ነበር፤ አሁን የመንደሩን ሁሉ አንድ ቦታ ሰብስባችሁ ከምንጩ በላይ ደፋችሁት" አለች። "ቤተ ሙከራ አይቶት ካልመጣ ቆርጬ አልናገርም። ግን ፈራሁ።"

"ፍርሃት ማስረጃ አይሆንም" አልኳት።

"እንግዲያው ማስረጃ እንፈልግ። ከዚህ ጉድጓድ በታች ያልሆነ ሌላ ምንጭ አለ?"

አለ። ከገመገሙ ማዶ፣ አስታና ጅብራ ብቻ የበቀለበት፣ ማንም የማያርሰው ገደላገደል ሥር አንድ ምንጭ አለ፤ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። እዚያም በየክረምቱ ባለጭራዎች ይፈለፈላሉ።

"እንወራረድ" አልኳት። "የማዶዎቹም እንደኔዎቹ ባለጭራ ሆነው ከተገኙ፣ ነገ በስብሰባው ላይ ቆመሽ 'ከጋሽ ጥላዬ ተማርኩ' ትያለሽ።"

"እኔ ካሸነፍኩ ደግሞ ጉድጓዱ ተቆፍሮ አፈሩ ይወጣል። የሚናገሩትም እርስዎ ይሆናሉ፤ እኔን እንግዳዋን ማንም አይሰማኝም።"

ከመውጣታችን በፊት አስካለ ምሳ አቀረበች። ውሃ ልታስታጥብ ጎንበስ ስትል ሻሿ ሸርተት አለ። ምሕረት አየች። እጇን ሳትታጠብ እንደዘረጋች ቀረች።

"ስንት ወርሽ ነው እህቴ?"

"ስድስት፤ እመቤቴ ትርዳኝ እንጂ።"

"ይህ አንገትሽ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

አስካለ ሳቀች። "ይኸ ምንም አይደል። አባባ ስትወልጂ ይጎድላል ብለውኛል።"

ምሕረት ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልወደውም።

ገመገሙን ወጣን። ሰባ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ እሷ ሁለቴ ስታርፍ እኔ አላረፍኩም፤ ይህን ታውቁልኝ ዘንድ እወዳለሁ። ከጫፉ ላይ ሆኖ ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው ቆላ በጭጋግ ታፍኖ ይታያል። ቁልቁል ወርደን ምንጩ ዳር ደረስን። ውሃው እንደ መስታወት ነው፤ እስከ ታች ድንጋዩ ይታያል።

ጎንበስ ብዬ ፈለግሁ። ባለጭራ የለም። ወዲያ ማዶ ዞርኩ፤ የለም። በእጄ ደለሉን ቀሰቀስኩት፤ አንድም የለም።

ደስ አለኝ። አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ!

"አየሽ!" ብዬ ጮህኩ። "የዚህኛው ውሃ ነው መርዝ! ሁሉም አልቀዋል! የኔዎቹ በሕይወት አሉ፤ የዚህኞቹ ሞተዋል!"

ምሕረት ከውሃው ራቅ ብላ ሣሩ ላይ ቁጢጥ ብላለች።

"ጋሼ፣ ወደዚህ ይምጡ። እግርዎን ግን ቀስ አድርገው ያንሱ።"

እግሬን ቀስ አድርጌ አነሳሁ። ሣሩ ይንቀሳቀሳል። አንዲት የባቄላ ፍሬ የምታክል እንቁራሪት ከጫማዬ ላይ ዘላ ወረደች። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ሦስት፣ አራት። እርጥቡ መስክ በሙሉ ሕይወት ነው፤ በየሣሩ ሥር፣ በየድንጋዩ ጥግ፣ አራት እግር ያላቸው፣ ጭራ የሌላቸው፣ ጥቃቅን፣ ፈጣን። ባለጭራዎቹ አልሞቱም። ጊዜያቸው ሲደርስ እግር አውጥተው፣ እንደ ሥርዓታቸው፣ ከውሃው ወጥተው ሄደዋል።

አንዷን በመዳፌ ያዝኳት። ጉሮሮዋ ቶሎ ቶሎ ይመታል። ያን ጉሮሮ ሳይ የአስካለ ሻሽ ሸርተት ሲል ታየኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

"እንቁራሪት ላይ ያየነው ሰው ላይ ልክ እንደዚያው ይሆናል ማለት አይደለም" አለች ምሕረት ዝግ ባለ ድምፅ። "ግን እጢዋ አንድ ናት። ማሕፀን ውስጥ ያለው ልጅ አእምሮው የሚሠራው ከእናቱ እጢ በሚያገኘው ነው። እዚህ ደጋ ውስጥ ድሮም አዮዲን ያንሳል። በዚያ ላይ ይህ ከተጨመረ..."

"በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ" አልኩ። ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው።

"አዎ ጋሼ። እሷ ከዛሬ ጀምሮ ያን ውሃ መጠጣት የለባትም። ሰኞ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ይዣት ልሂድ። ይንገሯት፤ ከእርስዎ አፍ ብትሰማው ይሻላል።"

"እነግራታለሁ" አልኳት።

አመሻሽ ላይ ቤት ደረስኩ። ምሕረት መምሬ አፈወርቅ ቤት አረፈች። አስካለ እግሬን አጥባ፣ እራት አቅርባ፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ከማድጋው በጣሳ ውሃ ቀዳች። "ዛሬ የልጁ ሙቀት ነው መሰል፣ ውሃ ውሃ ይለኛል" አለችና ጠጣች። ደግማ ቀዳች። ደግማ ጠጣች።

እኔም አየኋት። አፌን ከፈትኩ። ምን ብዬ ልጀምር? "ሰለሞን የተባልኩበት ጉድጓድ" ብዬ? "ይጎድላል ያልኩሽ አንገት" ብዬ? ነገ እነግራታለሁ አልኩ በልቤ፤ አንድ ሌሊት ምን ያመጣል አልኩ። "ልጅቱ ምን አለች አባባ?" ብላ ስትጠይቀኝ፣ "ገና ልጅ ናት፤ ብዙ ይቀራታል" አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተሰበሰበ። ምሕረት ቆማ ተናገረች። ምንጩ ለጊዜው እንዳይጠጣ፣ የመርጫ ማጠቢያው ጉድጓድ ተቆፍሮ አፈሩ እንዲነሳ፣ ቦኖውም ምርመራው እስኪያልቅ እንዲቆይ አለች። ጉርምርምታው ተነሳ። ቧንቧው እኛ ካልተቀበልነው ወደ ሌላ ቀበሌ እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃል። ስንት ዓመት የተለመነ ውሃ ነው!

"ይህቺ ልጅ ትናንት መጥታ ዛሬ ውሃችንን ልትነጥቀን ነው?" አለ አንዱ።

መምሬ አፈወርቅ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙ። "ትናንት ኢንጂነራችን አብሯት ውሏል። ጥላዬ፣ አንተ ምን ትላለህ? አንተ ያልከውን እንቀበላለን።"

ሕዝቡ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ በፊት እንዲህ ሲያዩኝ ቁመቴ የሚጨምር ይመስለኝ ነበር። ተነሳሁ። ልናገር የወጣሁት እውነቱን ነበር፤ ይህን እመኑኝ። ግን የሁሉም ዓይን "ይሁን በል" ይለኛል፤ ጉድጓዱን በደቦ የቆፈሩት ሰዎች ዓይን ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ ነገሩ።

"ልጅቱ ተምራለች፣ አልክድም" አልኩ። "ግን ገና ናት። ውሃው ደህና ነው።"

"ጋሼ!" አለች ምሕረት። "ትናንት ያዩትን ይንገሯቸው!"

"ትናንት ያየሁት እንቁራሪት ነው። እኔ እንቁራሪት አይቼ አላውቅም መሰለሽ?"

ሕዝቡ ሳቀ። ሳቁ ገና ሳያልቅ አስካለ ከሴቶቹ መካከል ተነሳች። ለሰንበቴው ከመጣው ጀሪካን በጣሳ ቀዳችና ከፍ አድርጋ ያዘችው።

"አባባ ሲያጠጡን የኖሩት ውሃ ነው። እኔ እርጉዟ ከጠጣሁት ሌላው ምን ሆኖ ነው የሚፈራው?"

"አስካለ፣ ተዪው" አልኩ። ድምፄ ግን አልወጣም፤ ወይም ከእልልታው በላይ አልተሰማም። ሻሿን ወደ ኋላ ገፍታ ጠጣች። ያበጠው አንገቷ ከፍ ዝቅ ይላል። እስከ ታች ድረስ ጨረሰችው። ጣሳውን ገልብጣ ለሕዝቡ አሳየች፤ አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

ያን ጊዜ ነው የጮህኩት።

"ጉድጓዱ የእኔ ነው! ልጅቱ እውነቷን ነው! በዓይኔ አይቻለሁ!"

ያየሁትን ሁሉ ተናገርኩ፤ የማዶውን ምንጭ፣ ትንንሾቹን እንቁራሪቶች፣ የሳፋዬን ወፍራሞች። ስጨርስ የሳቀ የለም። መምሬ አፈወርቅ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ እኔ ዞሩ።

"ጥላዬ፣ ይህን ያወቅኸው ዛሬ ነው ትናንት?"

"ትናንት።"

ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ቅጥሩ ገቡ። የጠየቀችኝ አስካለ ናት። ጣሳውን እንደያዘች ወደ እኔ መጣችና፣ ሰው እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦

"አባባ፣ ትናንት ማታ ፊት ለፊትዎ ስጠጣ ያውቁ ነበር?"

መልስ አጥቼ አላውቅም ብያችኋለሁ። ያን ቀን አጣሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ጉድጓዱ ተቆፍሮ አፈሩ ተነሳ፤ በደቦ የመጡት ሰዎች ሲቆፍሩ አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ያን የመሰለ ዝም ያለ ደቦ አይታችሁ አታውቁም። ቧንቧው ወደ ሌላ ቀበሌ ሄደ። ሴቶቻችን ከማዶው ምንጭ መቅዳት ጀመሩ፤ ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት ነው። የውሃው ምርመራ ውጤት ሲመጣ ምሕረት የፈራችው ነገር ተገኝቶበታል። አስካለን ሆስፒታል ወስዳ አስመረመረቻት፤ እጢዋ ደክማለች ተባለና በየማለዳው የሚዋጥ ክኒን ታዘዘላት። ሴት ልጅ ወለደች። መልኳ የእናቴ ነው።

ልጅቷ አሁን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ግድግዳ ይዛ መቆም የጀመረች በቅርቡ ነው። "እማ" ከማለት በቀር ቃል የላትም። ሐኪሙን ፊት ለፊት ጠየቅሁት፦ "ከውሃው ነው ወይ?" አልኩት። "ከውሃው ሊሆን ይችላል፤ ከአዮዲን እጥረት ሊሆን ይችላል፤ ከሁለቱም፣ ወይም ከሌላ። ቆርጦ መናገር አይቻልም" አለኝ። አዎ ቢለኝ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። አይደለም ቢለኝ፣ እኔን ታውቁኛላችሁ፣ ደረቴን ነፍቼ እወጣ ነበር። ሁለቱንም ነፈገኝ። አሁን የምኖረው በዚያ መካከል ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ የምመክራችሁ ምክር ያለኝ እንዳይመስላችሁ። አላዋቂ ነበርኩና ተሳሳትኩ ብዬ ብጽፍ ትራሩልኝ ነበር፤ ግን ውሸት ነው። አላዋቂነቴ የቆየው እስከ ቅዳሜ ከሰዓት ድረስ ነው። ከዚያ እስከ እሑድ ጠዋት ያለውን ያደረግሁት አውቄ ነው። ስለ ሦስቱ ዓመት ማንም ሊፈርድብኝ አይችልም፤ ከየት ላውቅ? የሚበላኝ ያ አንድ ምሽት ነው። መንደሩ ስለ ጉድጓዱ ይቅር ብሎኛል። ስለ ሁለቱ ጣሳ ውሃ የማውቀው እኔና አስካለ ነን፤ እሷም ለባሏ እንኳ አልነገረችም። አሁን እኔው ጻፍኩት።

አሁንም ራዲዮ እጠግናለሁ። አሁንም ከብዙ ተማርኩ ባይ እሻላለሁ፤ ይህን አልሸሽግም። አስካለም እግሬን ታጥበኛለች፣ እራቴን ታቀርባለች፣ "አባባ" ትለኛለች። ክብር አላጎደለችብኝም።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን በአህያ ከሌላ ቦታ የቀዳውን አንድ ጀሪካን ውሃ አመጣልን። ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩት፤ በመዳፌ አፍስሼ ለብርሃን አየሁት።

"ይህ ደህና ነው" አልኩ። "ቦታውን አውቀዋለሁ። ከላዩ እርሻ የለም። ለልጅቷ ስጫት።"

"እሺ አባባ" አለች አስካለ በትሕትና።

ጀሪካኑን መልሳ ከደነችው። ስልኳን ከጉያዋ አውጥታ ወደ ደጅ ሳትወጣ፣ እዚያው ፊት ለፊቴ፣ ለምሕረት ደወለች። የቦታውን ስም ነገረቻት፤ ከላዩ ምን እንዳለ፣ ማን እንደሚያርስ ዘረዘረች፤ "እሺ፣ እጠብቃለሁ" ብላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ቀረች። ልጅቷ በአንድ እጇ ግድግዳውን፣ በአንድ እጇ ባዶ ጣሳዋን ይዛ፣ ተጠምታ፣ የእናቷን አፍ ትመለከታለች። ወደ እኔ የሚያይ አልነበረም።